«መቶ በመቶ» ለማን ነው? የዕለት ንጥረ ምግብ መጠን እንዴት ይወሰናል፣ እንዴትስ ይነበባል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ምግብ ነው። ስለ አበሳሰሉ ወይም ስለ ዋጋው ግን አይደለም፤ ስለ ቁጥሩ ነው። ዘመድ ከውጭ አገር የላከውን የቫይታሚን ብልቃጥ ወይም ከሱቅ የተገዛውን የዱቄት ወተት ጣሳ አዙራችሁ ብታዩ በጀርባው ትንንሽ ቁጥሮች የተደረደሩበት ሠንጠረዥ ታገኛላችሁ። ቫይታሚን ሲ፣ መቶ በመቶ። አይረን፣ መቶ በመቶ። ካልሲየም፣ 20 በመቶ።

የምን መቶ በመቶ? የማንስ? ቁጥሩን ማን አወጣው? ምን ለክቶ? አንድ ሰው ከዚያ በታች ቢበላ ታመመ ማለት ነው? ከዚያ በላይ ቢበላስ ይበልጥ ጤነኛ ይሆናል?

የዝግጅታችንን ፍሬ ሐሳብ አስቀድሜ ልንገራችሁ። እነዚህ ቁጥሮች መጀመሪያ የተሠሩት የብዙ ሰው ቀለብ ለሚያቅድ አካል ነው፤ ለጦር ሠራዊት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለመንግሥት። እኛ ደግሞ እንደ ግል የሐኪም ትእዛዝ እናነባቸዋለን። አብዛኛው ስጋትና አብዛኛው ብክነት የሚመጣው ከዚህ ነው። በዝግጅቱ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

ነገሩ የጀመረው በችግር ጊዜ ነው። በ1860ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጥጥ ንግድን ሲያቋርጥ በእንግሊዝ አገር በላንክሻየር ያሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ሠራተኞች እንጀራቸውን አጡ። መንግሥት ያኔ ኤድዋርድ ስሚዝ የተባለ ሐኪም እንዲያጠና አደረገ። ጥያቄው ቀጥተኛ ነበር፤ ሥራ ያጣ ሰው ከረሃብ የሚመጣ በሽታ ሳያገኘው እንዲቆይ፣ በትንሹ ወጪ ምን ያህል ምግብ ይበቃዋል? ቫይታሚን የሚባል ነገር ገና አልታወቀም ነበርና ስሚዝ ስሌቱን የሠራው በምግቡ ውስጥ ባለው ካርቦንና ናይትሮጅን ነው። ሰውየው ደስ ብሎት ይኑር አይደለም የተባለው፤ አይታመም ብቻ ነው።

ከ80 ዓመት ገደማ በኋላ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየተጠጋች ሳለ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሣ። በብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ሥር የተቋቋመ ኮሚቴ፣ ሊዲያ ሮበርትስ በተባሉ የሥነ ምግብ ምሁር መሪነት፣ አንድ ሠንጠረዥ አዘጋጀ። ሠንጠረዡ በግንቦት 1941 በዋሽንግተን በተካሄደ ብሔራዊ የሥነ ምግብ ጉባኤ ላይ ቀረበ፤ በ1943 ደግሞ ታትሞ ወጣ። በውስጡ ኃይል ሰጪ ካሎሪ፣ ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ አይረንና ጥቂት ቫይታሚኖች ነበሩበት። በዚህ ጊዜ ግን ዓላማው ከስሚዝ ከፍ ብሏል። በሽታን መከላከል ብቻ አልተፈለገም፤ ጤናማ ሕዝብ ጤናውን ጠብቆ እንዲኖር ታሰበ። ዛሬ ብዙ አገሮች የሚጠቀሙባቸው የዕለት መጠን ሠንጠረዦች የዚህ ሥራ ተከታዮች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ቁጥሩ በምን ይለካል? አንዱን ንጥረ ምግብ፣ ቫይታሚን ሲን፣ ይዘን ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንከተለው።

ቫይታሚን ሲ ፈጽሞ ያጣ ሰው ስከርቪ የሚባል በሽታ ይይዘዋል። ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፤ ቁስሉ አይጠግም፤ ካልታከመም ይሞታል። ታዲያ ይህን ለመከላከል ስንት ይበቃል? በጦርነቱ ጊዜ ብሪታንያ ምግብ በራሽን ስታድል መልሱን በእርግጥ ማወቅ አስፈለጋት። በሼፊልድ ከተማ ሃንስ ክሬብስ የተባለው ሳይንቲስት፣ ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ማለት ነው፣ ከ1944 ጀምሮ 20 በጎ ፈቃደኞችን ይዞ ሙከራ አደረገ። ፈቃደኞቹ በሕሊናቸው ምክንያት ጠመንጃ አንይዝም ያሉ ሰዎች ነበሩ። መሣሪያ ባያነሡም ሰውነታቸውን ለምርምር ሰጡ።

ለሁሉም ቫይታሚን ሲ የሌለበት ምግብ ይሰጣቸው ነበር። ከዚያ 10ሩ ምንም ተጨማሪ አያገኙም፤ 7ቱ በቀን 10 ሚሊግራም ያገኛሉ፤ 3ቱ ደግሞ 70 ሚሊግራም። ወራት አለፉ። ምንም ያላገኙት 10ሩ ላይ የስከርቪ ምልክት ታየ፤ መጀመሪያ የፀጉራቸው ሥር አበጠ፣ በኋላ ድዳቸው ደማ። 10 ሚሊግራም ያገኙት ግን ምንም አልሆኑም። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ የታመሙትም በዚያችው 10 ሚሊግራም ዳኑ።

እንግዲህ መልሱ ተገኘ ማለት ነው? በቀን 10 ሚሊግራም፣ አለቀ? አላለቀም። የሼፊልድ ተመራማሪዎች ራሳቸው 10 ይበቃል ብለው አላቆሙም፤ የሰው ፍላጎት አንዱ ከሌላው ስለሚለያይና ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ስለሚያስፈልግ 30 ሚሊግራም ይሻላል አሉ። ዛሬ ብሪታንያ ለአዋቂ የምትመክረው 40 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት በጋራ ባወጡት ሰነድ 45 ነው። በአሜሪካ ለሴት 75፣ ለወንድ 90። በአውሮፓ ኅብረት የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ዘንድ ደግሞ ለሴት 95፣ ለወንድ 110።

አንድ ቫይታሚን፣ አንድ ዓይነት የሰው አካል፤ ቁጥሩ ግን ከ10 እስከ 110። ሳይንሱ ተጋጨ ማለት ነው? አይደለም፤ የተለያየ ጥያቄ ነው የተጠየቀው። የሼፊልዱ ጥያቄ «ድዱ እንዳይደማ ስንት?» የሚል ነበር። የአሜሪካው ጥያቄ ሌላ ነው። በብሔራዊ የጤና ተቋማቸው 7 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ሆስፒታል ገብተው እየኖሩ፣ ቫይታሚን ሲ መጀመሪያ ተቀንሶባቸው ቀጥሎ በየደረጃው እየተጨመረላቸው፣ ደማቸውና ሽንታቸው ሲለካ ቆየ። የተፈለገው፣ ነጭ የደም ሕዋሳት በቫይታሚኑ ሊሞሉ ሲቃረቡ፣ በሽንት የሚባክነው ግን ገና ጥቂት ሲሆን ያለው መጠን ነው። አውሮፓውያኑ ደግሞ ሰውነት በየቀኑ የሚያጠፋውን የሚተካና በደም ውስጥ ያለውን መጠን የሚጠብቅ ቁጥር ፈለጉ።

ስለዚህ አድማጮች፣ ከቤተ ሙከራው ልኬት በፊት አንድ ውሳኔ አለ። «በቂ» የምንለው ምን ሲሆን ነው? ከበሽታ መዳን? የሰውነት ክምችት መሙላት? ይህን የሚወስነው መሣሪያ አይደለም፤ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ማስረጃ ይዘው ይወስናሉ፤ ቢሆንም ውሳኔ ነው። ማስረጃው ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

መመዘኛው ከተመረጠ በኋላ ሁለተኛው እርምጃ ይመጣል። ይህን እርምጃ የተረዳ ሰው ሠንጠረዡን ግማሹን አነበበ ማለት ነው።

በአሜሪካው ስሌት ለአዋቂ ወንዶች የቫይታሚን ሲ አማካይ ፍላጎት 75 ሚሊግራም ነው። አማካይ ሲባል፣ ከ100 ወንዶች 50ዎቹ ከ75 ባነሰ ይበቃቸዋል፤ 50ዎቹ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሻሉ። አንድ መንግሥት 75ን ለሕዝቡ ቢመክር እንግዲህ ግማሹን ሕዝብ አጎደለበት። ስለዚህ በአማካዩ ላይ መጠባበቂያ ይጨመራል። የሰዎች ፍላጎት ከአማካዩ ወዲያና ወዲህ ምን ያህል እንደሚራራቅ ይገመታል፤ በቂ መረጃ ከሌለ ልዩነቱ 10 በመቶ ተደርጎ ይወሰዳል፤ እሱ በእጥፍ ይደመራል። የ75 አሥር በመቶ 7.5 ነው፤ እጥፉ 15። 75 ሲደመር 15፣ 90። በጠርሙሱ ላይ የምታዩት 90 የመጣው ከዚህ ነው። ይህ መጠን ከ100 ጤነኛ ሰዎች 97 ወይም 98ቱን ያጠግባል ተብሎ ይታሰባል።

አናጢ የቤት በር ሲሠራ ቁመቱን በአማካይ ሰው ልክ አያደርገውም፤ ረጃጅሞቹም ሳይጎነበሱ እንዲገቡ አድርጎ ከፍ ያደርገዋል። ጭንቅላታችን ጉበኑን ስላልነካ ማናችንም አጠርን ብለን አንጨነቅም። የሚመከረው መጠንም እንዲሁ ከብዙዎቻችን ፍላጎት በላይ ሆኖ የተሠራ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በቀን 80 ሚሊግራም የሚያገኝ ወንድ ከሚመከረው 90 በታች ቢሆንም ቫይታሚን ጎድሎታል ማለት አይደለም፤ ከግማሽ በላይ ለሆኑት ወንዶች 80 ይበቃል። ከቁጥሩ እየራቀ በሄደ መጠን ግን የመጉደል ዕድሉ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ የብዙ ቀን አማካይ እንጂ የአንድ ቀን ግዴታ አይደለም። የሼፊልድ ሰዎች ምንም ሳያገኙ ምልክቱ እስኪታይባቸው ወራት ፈጅቷል። ዛሬ ቢጎድል ነገ ይካካሳል። ሦስተኛ፣ ቁጥሩ የተሰላው ለጤነኛ ሰው ነው። የታመመ፣ ከቀዶ ሕክምና የተነሣ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሌላ ስሌት አለው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እንኳ በአሜሪካው መመሪያ 35 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ይጨመርለታል፤ ጭሱ ቫይታሚኑን ያቃጥልበታልና።

ጋዜጠኞችና የፕሮጀክት ጸሐፊዎች ካላችሁ ይህን ያዙልኝ። «ከሕዝቡ ይህን ያህሉ ከሚመከረው መጠን በታች ይበላል፤ ስለዚህ ይህን ያህሉ ጎድሎታል» ማለት ስሕተት ነው። የጎደለባቸውን ሰዎች ብዛት ለመገመት ባለሙያዎች የሚቆጥሩት ከአማካይ ፍላጎት በታች የሚበሉትን ነው፤ በምሳሌያችን ከ90 ሳይሆን ከ75 በታች ያሉትን። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ብዙ ሕዝብ አለ።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

እስካሁን የተናገርነው በቫይታሚን ሲ ነው። አሁን ወደ እኛ ገበታ ይበልጥ ወደሚቀርበው እንለፍ፤ አይረን፣ የብረት ማዕድን፣ የደማችን ቀይ ሕዋስ ኦክስጅን የሚሸከምበት።

የአይረን ስሌት በሌላ መንገድ ይሠራል። ሰውን አይረን ከልክሎ ደም እስኪያንሰው ከመጠበቅ ይልቅ ሰውነቱ በየቀኑ የሚያጣው ይደመራል። ከቆዳ፣ ከአንጀት፣ ከሽንት ጋር የሚወጣው በአዋቂ ወንድ በቀን ወደ 1 ሚሊግራም ይጠጋል። በሴት ላይ የወር አበባ ይጨመራል። የወር አበባ ደም መጠን ደግሞ ከሴት ሴት እጅግ ይለያያል፤ የብዙዎቹ ጥቂት ሲሆን የአንዳንዶቹ በጣም ብዙ ነው። ስለዚህ ቅድም የነገርኳችሁ የእጥፍ መጠባበቂያ ስሌት እዚህ አይሠራም፤ ብዙ የሚፈሳቸውም እንዲካተቱ ተደርጎ ቁጥሩ ለብቻው ይወጣል። በዓለም ጤና ድርጅትና በምግብና እርሻ ድርጅት ስሌት በወር አበባ ዕድሜ ያለች አዋቂ ሴት ወደ ደሟ መግባት ያለበት አይረን በቀን ወደ 3 ሚሊግራም ይጠጋል።

ሦስት ሚሊግራም ትንሽ ናት። ችግሩ የተበላው አይረን ሁሉ ወደ ደም አለመግባቱ ነው። ከተበላው ምን ያህሉ ወደ ደም ይገባል? መልሱ እንደ ገበታው ነው። ሥጋና ዓሣ፣ ፍራፍሬና አትክልት በሚበዛበት ገበታ 15 በመቶ ያህሉ ይገባል። በእህልና በሥራሥር ላይ ብቻ በቆመ፣ ሥጋና ቫይታሚን ሲ በሌሉበት ገበታ 5 በመቶ ብቻ። በእህል ቅርፊት ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባለው ውሕድ አይረኑን አስሮ ስለሚይዘው ነው።

አሁን ስሌቱን ተከተሉኝ። ያቺው ሴት፣ ያው 3 ሚሊግራም የማይሞላ ፍላጎት። በ15 በመቶው ገበታ በቀን ወደ 20 ሚሊግራም መብላት አለባት። በ12 በመቶው 24 ተኩል። በ10 በመቶው 29። በ5 በመቶው 59! ሴትዮዋ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ሳህኗ ነው። በአሜሪካው ሠንጠረዥ ለዚህች ሴት የተጻፈላት 18 ሚሊግራም ነው፤ ምክንያቱም እዚያ 18 በመቶ ወደ ደም ይገባል ተብሎ ተሰልቷል። ያን 18 ገልብጦ ሽሮና እንጀራ ለምትበላ ሴት «ይበቃሻል» ማለት ቁጥሩን እንጂ ስሌቱን አለማየት ነው።

እዚህ ላይ «ጤፍ እኮ አይረን ሞልቶታል» የሚል አድማጭ አይጠፋም። እውነት አለው፤ ግን ሁለት ነገር ይታከልበት። በጤፍ ናሙናዎች ላይ የተለካው አይረን በጣም የተራራቀ ነው፤ አንዱ ምክንያት በአውድማ ሲወቃ ከመሬቱ ጋር የሚቀላቀለው አፈር ነው። የአፈር አይረን በቤተ ሙከራ ይቆጠራል፤ ሰውነታችን ግን እምብዛም አይጠቀምበትም። ሁለተኛው ደግሞ ፋይቴቱ ነው። በዚህ ረገድ እናቶቻችን የሚሠሩት ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይፈርሳል፣ አይረኑም ይፈታል። ምን ያህል እንደሚፈርስ የሚወስነው ሊጡ በቦካበት ጊዜና ሁኔታ ነው። በደንብ የቦካ እንጀራና ሳይቦካ የተጋገረ ቂጣ፣ ዱቄታቸው አንድ ቢሆንም፣ ለደም የሚሰጡት አይረን አንድ አይደለም።

ቡናውስ? በ1983 የታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ደም የሚገባውን አይረን በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የተሞከረው ምግብ ሃምበርገር ስለነበር በእኛ ገበታ ላይ መቶኛው ልክ ይህ ይሆናል አልልም። አንዱ ውጤት ግን ለእኛ ጠቃሚ ነው። ቡናው ከምግብ 1 ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም፤ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣ ያህል ቀነሰ። ምሳ ተበልቶ ቡና ለሚፈላበት ቤት ይህ ቁም ነገር ነው። ደም ማነስ ያለባት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ቡናዋን ከምሳ አስቀድማ ወይም በደንብ አርቃ ብትጠጣ ይሻላታል። በተቃራኒው ቫይታሚን ሲ አይረኑ እንዲገባ ያግዛል፤ ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ጎመኑ ላይ የተጨመቀ ሎሚ፣ ከምግቡ ጋር ሲበሉ ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥተን ሁዳዴን እናስብ። አንድ ሰው በፍስክ ሥጋ ይበላል፤ ጾሙ ሲገባ ገበታው ወደ እህልና ጥራጥሬ ይዞራል። የሰውየው ፍላጎት ያው ነው፤ መብላት ያለበት አይረን ግን ከፍ ይላል። በሠንጠረዥ ላይ አንድ ቁጥር ሆኖ የሚታየው ነገር በእኛ አገር ከቀን መቁጠሪያው ጋር ይወጣል ይወርዳል። ሆኖም ሰውነት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ የአይረን ክምችቱ ሲቀንስ አንጀት ከምግብ የሚቀበለውን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ 5 በመቶና 15 በመቶ የሚባሉት ለዕቅድ የሚረዱ ግምቶች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ሰው ሆድ ውስጥ የተለኩ አይደሉም።

በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው ተለክቷል። ይህ ሁሉ የአይረን እጥረት ነው ማለት ግን አይቻልም፤ ወባና የሆድ ትላትልም ደም ያሳጣሉ። ማን ምን እንደጎደለው የሚናገረው የደም ምርመራ ነው፤ ሠንጠረዡ ይህን አይነግረንም። ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ገበታ ብቻውን ስለሚከብደው የዓለም ጤና ድርጅት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ በእንክብል እንዲሰጣት ይመክራል። በጤና ጣቢያ የሚታደለው እንክብል ይኸው ነው፤ እህቶቼ፣ አትተዉት።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

ቁጥሩ በትክክለኛ ቦታው ሲውል ምን እንደሚሠራ ደግሞ እንይ። አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ይወጣል፤ በእርግዝና ጊዜ ሲጎድል የሕፃኑ አእምሮ ይጎዳል። ለአዋቂ የሚመከረው በቀን 150 ማይክሮግራም ነው። በየቤቱ እየሄዱ ይህን መስፈር አይቻልም፤ ጨው ግን ሁሉም ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች አንድ ሰው በቀን 10 ግራም ያህል ጨው ይበላል ብለው አሰቡ። ከፋብሪካ ቤት እስኪደርስ 20 በመቶው አዮዲን ይተንናል፤ ምግብ ሲበስል ሌላ 20 በመቶ ይጠፋል። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ጨው ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም አዮዲን ይጨመር አሉ። ስሌቱን በ25 ሞክሩት፤ 10 ግራም ጨው 250 ማይክሮግራም ይይዛል፤ በመንገድ ወደ 200 ይወርዳል፤ ድስት ውስጥ ወደ 160። 150ው ተሟላ። ኢትዮጵያም በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ አውጥታ አስገድዳለች። የዕለት መጠን ቁጥር ዋና ሥራው ይህ ነው፤ አንድ ውሳኔ በሚሊዮን ገበታ ላይ እንዲደርስ ማድረግ።

ሁሉም ቁጥር ግን በአንድ መንገድ አይወጣም። ሦስቱን ባጭሩ ላንሣ። የመጀመሪያው የሕፃናት ነው። ጡት የሚጠባ ጨቅላ ላይ የማጉደል ሙከራ ማንም አያደርግም። ስለዚህ ጤነኛ እናት የምታጠባው ይለካል። ሕፃኑ በቀን 780 ሚሊሊትር ያህል ይጠባል፤ በአንድ ሊትር የእናት ወተት ወደ 50 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ አለ፤ ሲባዛ 40 ያህል ይመጣል። ከልደት እስከ 6 ወር በአሜሪካው ሠንጠረዥ የተጻፈው ይኸው 40 ነው። እዚህ ላይ መለኪያው ራሷ እናት ናት።

ሁለተኛው የካሎሪ ነው። ለካሎሪ መጠባበቂያ አይጨመርም፤ አማካዩ ብቻ ይጻፋል። ትርፍ ቫይታሚን ሲ በሽንት ይወጣል፤ ትርፍ ካሎሪ ግን ወገብ ላይ ይቀመጣል። ለ97 በመቶው ሕዝብ እንዲበቃ ተብሎ ካሎሪ ቢመከር አብዛኛው ሰው ይወፍራል።

ሦስተኛው ጣሪያው ነው። «ጥሩ ነገር ከበዛ ምን ይጎዳል?» ለሚሉ፣ ይጎዳል። ቫይታሚን ሲ በአዋቂ በቀን ከ2000 ሚሊግራም ሲያልፍ ሆድ ያስቀምጣል። ይህ ቀላሉ ነው። ከእንስሳት የሚገኘውና በእንክብል የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ በቀን ከ3000 ማይክሮግራም በላይ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ በፅንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያስከትል ይችላል። የአይረን እንክብል ደግሞ ሕፃን ልጅ ከረሜላ መስሎት ብዙ ቢውጥ ሊገድለው ይችላልና ልጅ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

ይህን ሁሉ ይዘን የብልቃጡን ጀርባ እናንብብ። በአሜሪካ በተሠራ ብልቃጥ ላይ መቶ በመቶ ቫይታሚን ሲ ማለት 90 ሚሊግራም ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት በተሠራው 80። መቶ በመቶ አይረን በአሜሪካው 18 ሚሊግራም፣ በአውሮፓው 14። አምራቹ ለወንድም ለሴትም፣ ለወጣትም ለሽማግሌም አንድ ማሸጊያ ስለሚያትም አንድ የማመሳከሪያ ቁጥር ለሁሉም ይሠራል። በአሜሪካው ማሸጊያ የተመረጠው 18 ደግሞ ከፍተኛ ፍላጎት ያላት የወር አበባ የምታይ ሴት ቁጥር ነው። ለአዋቂ ወንድና ወር አበባዋ ለቆመ ሴት የሚመከረው 8 ሚሊግራም ብቻ ነው። እንግዲህ ከዋሽንግተን ወይም ከሎስ አንጀለስ ለአባታችሁ የምትልኩት «መቶ በመቶ» አይረን ያለው እንክብል ለእሳቸው ከሚመከረው ከእጥፍ በላይ ነው። ሥጋ ለሚያዘወትሩና ደም ማነስ ለሌለባቸው አባት አይረን የሌለበት ብልቃጥ ይመረጣል። ሐኪም ካዘዘላቸው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ የተነሣው ከደማቸው ምርመራ ነው።

ስለዚህ አድማጮች፣ የዕለት መጠን ቁጥር ባያችሁ ጊዜ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ለማን? ለወንድ፣ ለሴት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ለጤነኛ ወይስ ለታማሚ? ለምን? በሽታ ለመከላከል ወይስ ክምችት ለመሙላት? ከምን ገበታ ጋር? ሥጋ ካለበት ወይስ እህል ብቻ ከሆነው? ሦስቱን ካልመለሰላችሁ ቁጥሩ ለእናንተ የተጻፈ አይደለም።

በቤት ውስጥ ደግሞ ሚሊግራም መቁጠር አይጠበቅባችሁም። ኢትዮጵያ በ2022 ያወጣችው የምግብ መመሪያም የሚናገረው ስለ እህል፣ ስለ ጥራጥሬ፣ ስለ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ስለ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ነው፤ ስሌቱን ባለሙያዎቹ አስቀድመው ሠርተውታል። ለእኛ የቀረልን ገበታውን ማሰባጠር፣ ሊጡን በደንብ ማቡካት፣ ወጡ አጠገብ ቃሪያ ወይም ሎሚ ማኖር፣ ቡናውን ከምሳ ማራቅ፣ አዮዲን ያለበትን ጨው ማኅተሙን አይቶ መግዛት ነው። ድካምና ማዞር ከበዛባችሁ፣ ወይም ልጃችሁ ቢገረጣባችሁ፣ ወደ ብልቃጥ ሻጭ ከመሄዳችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም ተመርመሩ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ጨው ራሱን እናነሣለን፤ አዮዲን የምናገኝበት ጨው የደም ግፊት እንዳያመጣብን ምን ያህል ይበቃናል? ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)